ካቴናው ያው ነው እኮ

የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ባሕር ዳር። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሰፈራችን ካለው ሳይክል ጠጋኝ ዘንድ እውላለሁ። ደመወዝ የለኝም። ፖምፓ አቀብላለሁ፤ ፒንሳ አቀብላለሁ፤ የተነፈሰ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ማታ ላይ ጋሼ ደስ ካለው አንድ ዙር በነጻ ያስነዳኛል። ለእኔ ያቺ ዙር ከደመወዝ ትበልጥ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሎተሪ የሚያዞረው ሰውዬ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እግሮቹ አይሠሩም። የሚንቀሳቀሰው በእጅ በሚዞር ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ነው። ሁለት ጎማ ከኋላ፣ አንድ ጎማ ከፊት። ደረቱ ፊት ለፊት እንደ ፔዳል ያለ እጀታ አለ። እጀታውን ሲያዞር ካቴናው የፊቱን ጎማ ያሽከረክራል። የዚያን ቀን ግን እያዞረ አልመጣም። ሁለት ሊስትሮዎች ናቸው ገፍተው ያመጡት። ካቴናው ተበጥሶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ ተቀምጧል።

ጋሼ ጋሪውን ዞሮ ዞሮ አየው። ጎንበስ ብሎ የፊቱን ጎማ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሳይክል አይደለም። እኔ የምሠራው ሳይክል ነው» አለው።

ሰውዬው አልተቆጣም። ጋዜጣውን ፈታ፣ ካቴናውን ከፍ አድርጎ አሳየው።

«ካቴናው ያው ነው እኮ» አለ።

ያው ነበር። እኔም አይቻለሁ። ከአግዳሚው ስር ባለው ቆርቆሮ ውስጥ የአሮጌ ካቴና ቁርጥራጭ ሞልቷል። ያንን ቆርቆሮ በየቀኑ የማነሳውና የማስቀምጠው እኔ ነኝ። የተበጠሰውን ለመቀጠል አንድ አጭር ቁራጭ ይበቃ ነበር። «ጋሼ፣ ቆርቆሮው ውስጥ አለ እኮ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ጋሼ ክፉ ሰው አልነበረም። ለስንቱ ተማሪ በዱቤ ጠግኗል። ያልለመደውን ነገር ከፍቶ መዝጋት እንዳያቅተው የፈራ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ጋሼን ፈራሁ። በሁለታችን ፍርሃት መካከል ሰውዬው ካቴናውን መልሶ ጠቀለለ።

«ገፍተህ ቤቱ አድርሰው» አለኝ ጋሼ።

ገፋሁት። መንገዱ ጭቃ ነው። የፊቱ ጎማ እየሰመጠ ያስቸግራል። ሰውዬው ግን ዝም ብሎ የሚገፋ ሰው አልነበረም። በትከሻው ዘንበል እያለ ክብደቱን ያዛውርልኛል። ደግሞ ያወራኛል። «አንተ ሳይክል ስትነዳ እግርህ ይሠራል፣ እጅህ መሪ ይይዛል። የእኔ እጅ ሁለቱንም ነው የሚሠራው። ይነዳል፣ ይጠመዝዛል» አለኝ። አንድ ቦታ ላይ እንድቆም ነገረኝና እጀታውን እንድሞክረው ጋበዘኝ። አዞርኩት። ካቴና ስለሌለው ባዶውን ዞረ። ምንም ክብደት የለውም። በነፋስ ውስጥ እጅን እንደማወዛወዝ ነበር። እሱ እያየኝ ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ቆርቆሮው በአእምሮዬ ውስጥ ይንኳኳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ። ከባሕር ዳር ወጣሁ፤ ሥራ ያዝኩ። የሳይክል ፍቅሬ ግን አለቀቀኝም። ማታ ማታ ስለ አሮጌ ሳይክሎች ማንበብ ልማዴ ሆነ። በተለይ ስለ እንግዳዎቹ፦ ተጋድመው የሚነዷቸው፣ ወደ ኋላ ተረግጠው ወደ ፊት የሚሄዱት፣ ካቴና የሌላቸው። ለምን እነሱን እንደመረጥኩ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። የገባኝ አንድ ማታ ነው።

ከሳይክል በፊት የነበረው

የዚያን ማታ አንድ የድሮ ሥዕል አገኘሁ። ሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ሦስት ጎማ ባለው ጋሪ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ጎማ ከኋላ፣ አንድ ከፊት። ሁለት እጆቹ ከፊቱ ያለውን እጀታ ጨብጠዋል። እጀታው ሲዞር ጥርስ በጥርስ ተያይዞ የፊቱን ጎማ ያሽከረክራል።

ስልኬን አስቀምጬ ተነሳሁ። ይህን ጋሪ አውቀዋለሁ። ጭቃ ውስጥ ገፍቼዋለሁ።

የሠራው ሰው ስቴፋን ፋርፍለር ይባላል። ኑረንበርግ አጠገብ ባለችው አልትዶርፍ የሚኖር ሰዓት ሠሪ ነበር። እግሮቹ አይሠሩም ነበር። ጋሪውን ለራሱ የሠራው በ1655 ነው፤ ዕድሜው ገና 22። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሰዓት ሠሪ መሆኑን ሳስብ ነገሩ ፍንትው ይልልኛል። ቀኑን ሙሉ አንዱ ጥርስ ሌላውን ሲገፋ የሚያይ ሰው ነው። የሰዓቱን ሆድ አተለቀው፣ ጎማ አደረገለት፣ ተቀመጠበት።

አሁን ቀኖቹን እናስተያይ። ለሳይክል ቅድመ አያት ተብሎ በየመጽሐፉ የሚጠቀሰው ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ ነው። የእንጨት ባለ ሁለት ጎማውን ይዞ ከማንሃይም የወጣው ሰኔ 12 ቀን 1817 ነው። ፔዳል የለውም። በእግር መሬቱን እየገፉ ነው የሚሄዱበት። ማለትም ፋርፍለር በእጁ እያዞረ ከተንቀሳቀሰ ከ162 ዓመት በኋላ እንኳ «የመጀመሪያው ሳይክል» የሚባለው ማሽን የሚዞር እጀታም፣ ፔዳልም፣ ጥርስም አልነበረውም።

ጋሼ «ይሄ ሳይክል አይደለም» ያለው ነገር ከሳይክል የሚቀድም ነው። ልጁ አያቱን በር ላይ አቁሞ «አላውቅህም» እንዳለው ዓይነት። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥፋቱን የጋሼ ብቻ ማድረግ ደግሞ አልቻልኩም። እሱም የተማረውን ነው የተናገረው። ታዲያ ሳይክል ማለት ምን እንደሆነ ያስተማረን ማን ነው? ከዚያ ወዲህ የማነበው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ውስጥ እያለፈ ነው የሚገባኝ።

እግርህ የረዘመ ያህል

በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ የሚሾ ቤተሰብ የሚሠራቸው ሳይክሎች ፔዳላቸው በቀጥታ የፊቱ ጎማ ላይ ነበር። ካቴና የለም። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ስለዚህ ፍጥነት የፈለገ አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፤ ጎማውን ማተለቅ። ያ ግዙፍ የፊት ጎማና ትንሽ የኋላ ጎማ ያለው፣ በፎቶ ስናየው የሚገርመን ሳይክል የመጣው ከዚህ ሒሳብ ነው። ለጌጥ አይደለም። ጎማው ከዳር እስከ ዳር 1.5 ሜትር ከሆነ አንድ ዙር 4.7 ሜትር ያህል ይወስድሃል። ከዚያ በላይ እንዳታተልቀው እግርህ አይደርስም። የሰው ፍጥነት በእግሩ ርዝመት ተወሰነ ማለት ነው። አጭር ሰው ምን ያህል ብርቱ ቢሆን ከረጅሙ ያነሰ ጎማ ነው የሚደርሰው።

ደግሞ አደጋው። ትንሽ ድንጋይ የፊቱን ጎማ ከያዘችው ነጂው በጭንቅላቱ ወደ ፊት ይተከላል። አሜሪካ ኒው ጀርዚ ውስጥ በ1880ዎቹ የተሠራው «ስታር» የተባለው ሳይክል ይህን ለማስቀረት ትንሹን ጎማ ወደ ፊት፣ ትልቁን ወደ ኋላ አደረገው። የሚዞር ፔዳልም አልነበረውም። ወደ ታች የሚረገጡ ሁለት ዘንጎች ናቸው ያሉት። ዘንጉ ጠፍር ይስባል፣ ጠፍሩ ጎማውን ያዞራል፣ እግር ሲነሳ ዘንጉ በራሱ ይመለሳል። ከፈለግህ በተራ፣ ከፈለግህ ሁለቱንም በአንዴ ትረግጣለህ። ስዊድን ውስጥም የሉንግስትሮም ወንድማማቾች በ1890ዎቹ በዘንግ የሚረገጥ «ስቬያ» የተባለ ሳይክል ሠርተው ነበር። ገንዘብ ያወጣላቸው አልፍሬድ ኖቤል ነው፤ የሽልማቱ ኖቤል።

በ1885 ኮቨንትሪ ውስጥ ጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር»ን አወጣ። ሁለት ተቀራራቢ ጎማ፣ ፔዳሉ መሃል፣ ካቴናው ወደ ኋላ ጎማ። ዛሬ የምንነዳው ሳይክል እሱ ነው። ካቴናው ያመጣው ለውጥ ሁሌ ያስደንቀኛል። ፊት ያለው ጥርሳም ክብ 44 ጥርስ፣ ኋላ ያለው 16 ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ወደ ሦስት ጊዜ የሚጠጋ ይዞራል። 70 ሳንቲሜትር ጎማ ባለው ሳይክል ይህ ወደ 6 ሜትር ነው። ከዚያ ግዙፍ ጎማ ይበልጣል። የእግር ርዝመት መለኪያ መሆኑ ቀረ። አጭሩም ረጅሙም፣ ሴቱም ወንዱም እኩል መንገድ ላይ ወጣ።

በእኛ አፍ ካቴና እጅ ማሰሪያም ነው። ከጣሊያን የወሰድነው ቃል ነው፤ ፒንሳም፣ ፖምፓም፣ ማርሽም፣ ኩሽኔታም፣ ግራሶም እንዲሁ። ያ ሰውዬ ግን እጁ የሚፈታው ካቴናው ሲታሰርለት ነበር።

የጣሊያንን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ የሳይክል ዕቃ ሠሪው ካምፓኞሎ በ1940ዎቹ ያወጣውን «ካምቢዮ ኮርሳ» የተባለ ማርሽ መቀየሪያ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ነጂው ከመቀመጫው ስር፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ የተተከሉ ሁለት ዘንጎች አሉት። ማርሽ ለመቀየር እየነዳ እጁን ወደ ኋላ ይሰዳል። በአንዱ ዘንግ የኋላ ጎማውን እስር ያላላዋል። አዎ፣ እየሄደ! በሌላው ዘንግ ካቴናውን ወደሚፈልገው ጥርስ ይገፋዋል፤ ይህን ሲያደርግ ፔዳሉን ወደ ኋላ ያዞራል። ጎማው በጥርስ በተሠራ ቦታው ላይ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ተንሸራቶ ካቴናውን ይወጥረዋል። ከዚያ መልሶ ያጠብቀዋል። ጣሊያናዊው ነጂ ጂኖ ባርታሊ ታላቁን የፈረንሳይ የሳይክል ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ በ1948 ያሸነፈው በዚህ ነው። ተራራ እየወጣ፣ ጎማውን ፈትቶ እያሰረ። ዛሬ በጣታችን ጠቅ ለምናደርጋት ነገር ያ ሁሉ ድፍረት ያስፈልግ ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን ከፈረንሳይ ሴንት ኤቲየን የመጣውን «ኢሮንደል» ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተሠራ ነው። ሁለት ማርሽ አለው። የሚቀየረው ግን በዘንግ አይደለም፣ በገመድም አይደለም። ወደ ፊት ስትረግጥ በፈጣኑ ማርሽ ትሄዳለህ። ዳገት ሲመጣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ታዞራለህ። ሳይክሉ ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል፤ አሁን ግን በቀላሉ ማርሽ። ምስጢሩ የኋላ ጎማው ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጥርሳም ክቦች ናቸው። አንዱ የሚይዘው ካቴናው ወደ ፊት ሲሄድ ነው፤ ሌላው የካቴናው አቅጣጫ በትንሽ ጎማ ተገልብጦለት ወደ ኋላ ስትረግጥ ይይዛል። አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፋል። «ያልተገላበጠ ያራል» የሚሉት አባባል ለምጣድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወደ ኋላ እየረገጡ ወደ ላይ መውጣት! ይህን ያሰበ ሰው ጉልበቱ ዳገት ላይ ስንት ቀን ከድቶት እንደነበር እገምታለሁ።

እነዚህን ማሽኖች «እንግዳ» የምንላቸው እኛ ነን። ለሠሯቸው ሰዎች እንግዳ አልነበሩም። አንዱ የፈራ ጭንቅላት ነበረው፣ አንዱ የደከመ ጉልበት፣ ፋርፍለር ደግሞ የማይታዘዙ እግሮች።

ስምንት መቶ ስምንት ሜትር

እስካሁን ያልኳቸው ሳይክሎች የጠፉት በገበያ ነው። ሰው የተሻለ መረጠ፣ እነሱ ቀሩ። በዚህ ቅር አይለኝም። አሁን የምነግራችሁ ግን እንደዚያ አልጠፋም።

ሻርል ሞሼ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ትንንሽ መኪና ይሠራል። ልጁ ሳይክል ፈለገ፤ እናትየው ሳይክል አደገኛ ነው ብላ እምቢ አለች። አባት ለልጁ ባለ አራት ጎማ፣ በፔዳል የሚሄድ ትንሽ መኪና ሠራለት። ልጁ በሱ ሳይክል የያዙትን ጓደኞቹን መቅደም ጀመረ። ሞሼ ይህን አይቶ ማሰብ ጀመረ። ለአዋቂዎች ሠራ፤ «ቬሎካር» አለው። ቆይቶ ባለ ሁለት ጎማ አደረገው። ነጂው ወደ ኋላ ጋደም ብሎ፣ እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ይረግጣል። ጀርባው ድጋፍ አለው፤ ስለዚህ በኃይል መግፋት ይችላል። ደረቱ ነፋሱን አይጋፈጥም። በሳይክል ላይ በፍጥነት ለሚሄድ ሰው ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው።

ሐምሌ 7 ቀን 1933 ፍራንሲስ ፎር በዚህ ሳይክል ፓሪስ ውስጥ ወዳለ ቬሎድሮም፣ ማለትም የሳይክል መወዳደሪያ ሜዳ፣ ገባ። ፎር ከታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች አንዱ አልነበረም፤ ሁለተኛ ደረጃ ነው የሚባለው። የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን የስዊሱ ኦስካር ኤግ ነበር። ኤግ በ1914 በአንድ ሰዓት ውስጥ 44.247 ኪሎ ሜትር ሄዷል። 19 ዓመት ማንም አልነካውም። ፎር ጋደም ብሎ ረገጠ። ሰዓቱ ሲያልቅ 45.055 ኪሎ ሜትር ሄዶ ነበር። በ808 ሜትር በለጠ።

ከዚያ ክርክር መጣ። ይህ ሳይክል ነው ወይስ አይደለም? ሞተር የለውም። ሁለት ጎማ አለው። ፔዳል አለው። ካቴና አለው። የሚነዳው ሰው ነው፤ በገዛ እግሩ። ግን ጋደም ብሏል።

ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት፣ ዩሲአይ፣ በሚያዝያ 1 ቀን 1934 መልሱን ሰጠ። ለውድድር የሚሆን ሳይክል ምን እንደሚመስል በሳንቲሜትር ወሰነ። ፔዳሉ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መቀመጫው ከፔዳሉ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚሆን። በአዲሱ ልክ የሞሼ ማሽን ሳይክል መሆኑ አበቃ። የክብረ ወሰኑ መዝገብ ላይ የቀረው ሞሪስ ሪሻር ነው። ከፎር በኋላ፣ በነሐሴ 1933፣ በተለመደው ሳይክል 44.777 ሄዶ ነበር። ከፎር በ278 ሜትር ያነሰ ነው። ያነሰው ተመዘገበ። ሞሼ በዚያው በ1934 አረፈ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ገጹን ወደ ላይ መልሼ ደግሜ አነበብኩት። «ይሄ ሳይክል አይደለም።» ቃል በቃል የጋሼ ዓረፍተ ነገር ነው። ልዩነቱ የጋሼ እጅ በግራሶ የጠቆረ መሆኑ ነው፤ የእነሱ እጅ ላይ ማኅተም ነበር። ጋሼ አንድ ሰው መለሰ። እነሱ አንድ ሙሉ የሳይክል ዘር መለሱ። የተጋደመ ሳይክል በትልልቅ ውድድር ላይ ካልታየ ሻጭ አይሠራውም፤ ሻጭ ካልሠራው ልጅ አያየውም፤ ልጅ ካላየው አድጎ ጠጋኝ ሲሆን አያውቀውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያ ወረቀት እስከ ባሕር ዳር ደርሷል ብዬ አምናለሁ።

እርግጥ ነው፣ ሕግ ያወጡትም ምክንያት ነበራቸው። ውድድር የሰው ከሰው ነው እንጂ የማሽን ከማሽን አይሁን ነው ሐሳባቸው። ይህን አልንቅም። ሁሉም አንድ ዓይነት ሳይክል ሲይዝ ማን ብርቱ እንደሆነ ይታያል። ግን የቱ ሳይክል ነው ያ «አንድ ዓይነት»? የማን ሰውነት ነው የሚመቸው? ይህን ጥያቄ ያኔ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም። ጉዳዩ ስለ ሩጫ ፍትሐዊነት ቢሆን ኖሮ ሁለት መዝገብ መክፈት ይቻል ነበር።

እስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪም ተመሳሳይ በር ተዘግቶበታል። በራሱ እጅ የሠራው ሳይክል ላይ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የወሰደው ኩሽኔታ ነበረበት። ጉልበቱ እንዳይመታው ከመቀመጫው ወደ መሪው የሚሄደውን ብረት አውጥቶ ጥሎታል። እጆቹን ደረቱ ስር አጥፎ፣ ልክ በበረዶ ላይ እንደሚንሸራተት ሰው ጎንበስ ይላል። በሐምሌ 1993 ኖርዌይ ሀማር ሞከረ፤ አልተሳካም። ሌላ ሰው ቢሆን ሳምንት ያርፍ ነበር። እሱ በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ 51.596 ኪሎ ሜትር ሄደ። የጣሊያኑን የፍራንቼስኮ ሞዘርን የ1984 ክብረ ወሰን ሰበረ። በሚቀጥለው ዓመት ያ አቀማመጥ ተከለከለ። እሱም ሌላ አቀማመጥ ፈጠረ፤ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ። በሱም በ1995 ቦጎታ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያም በኋላ ተከለከለ። ኦብሪን ሳስብ ያ ቆርቆሮ ትዝ ይለኛል። ከወዳደቀ ነገር መካከል የሚጠቅመውን የሚያይ ዓይን ነበረው። እኔም ያኔ አይቼ ነበር፤ እሱ ግን አይቶ ዝም አላለም።

ተጋድመው ሲመለሱ

ነገሩ እዚያ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍ አይመስለኝም።

በ2004 አቴንስ ፓራሊምፒክ ላይ በእጅ የሚነዳ ሳይክል ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ሆኖ ገባ። ሦስት ጎማ ነው። ሁለት ከኋላ፣ አንድ ከፊት። እጀታው ደረት ፊት ለፊት፣ ካቴናው ወደ ፊት ጎማ። የእግር ፔዳል አንዱ ላይ ሲሆን ሌላው ታች ነው፤ የእነዚህ እጀታዎች ግን ጎን ለጎን አብረው ይዞራሉ። ሁለቱ እጆች አብረው ይገፋሉ፣ አብረው ይስባሉ። የትከሻም የሆድም ጉልበት ይገባበታል። ብዙዎቹ ነጂዎች ጋደም ብለው ነው የሚነዱት። ልክ እንደ ፎር።

በ2007 ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን የሳይክል ውድድር የሚመራው ዩሲአይ ራሱ ሆነ። በ1934 ተጋድሞ የሚነዳውን «አይደለም» ያለው ተቋም፣ በ73 ዓመቱ ተጋድመው የሚነዱትን ሜዳሊያ ለሚያስገኝ ውድድር ደንብ የሚያወጣ ሆነ። በ2012 ለንደን ላይ ጣሊያናዊው አሌክስ ዛናርዲ በ45 ዓመቱ ሁለት ወርቅ ሲወስድ አየሁት። ሁለት እግሮቹን በ2001 በመኪና ውድድር አደጋ ነው ያጣው። መስመሩን ካለፈ በኋላ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳይክሉን በአንድ እጁ ወደ ላይ አነሳው። ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየው።

ከፍ አድርጎ ሲያነሳው ያ ካቴና ከጋዜጣ ውስጥ ሲወጣ ታየኝ። አለቀስኩ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ያን ሰውዬ ፈልጌው አውቃለሁ። ከባሕር ዳር ከወጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ስመለስ የድሮ ሰፈሬን ዞርኩት። ቤቱ የነበረበት ቦታ ፎቅ ተሠርቶበታል። ሎተሪ የሚያዞሩ ልጆች ጠየቅሁ፣ አያውቁትም። ጋሼም በሕይወት የለም። ነፍሱን ይማር። የጭቃው መንገድ ኮብልስቶን ሆኗል። ባጃጁ በዝቷል፤ ሳይክሉ ከድሮው ቀንሷል፣ ግን አለ። ጠዋት ጠዋት በዘንባባዎቹ ስር አሁንም ያልፋሉ።

ከመመለሴ በፊት አንድ ጠዋት በእግሬ ወደ ገበያ ስሄድ መንገድ ዳር አንድ ወጣት ጠጋኝ አየሁ። ፊቱ ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ አለ። ባለቤቷ ወጣት ሴት ናት። አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ጋሪው በጎኑ ተጋድሞ ጎማው ወደ ላይ ሆኗል።

ቆምኩ። ምን እንደምል አላወቅኩም። በመጨረሻ «አንተ ወንድሜ፣ እንደዚህ ዓይነቱንም ትሠራለህ እንዴ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄው የገባው አይመስልም።

«ካቴና አለው አይደል?» አለኝ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ «እህቴ፣ ያቺን ፒንሳ አቀብይኝ» አላት።